ከሱቄ የተወሰደው ቱና ቅዳሜ ገበያ ላይ ጠበቀኝ

ይድረስ፦ ለተከበሩ የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ የታሸገ ዓሣ ለሚያስመጡና በጅምላ ለሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች
ጉዳዩ፦ ባለፈው ዐቢይ ጾም ከሱቆቻችን ስለተሰበሰበው ቱናና ሳርዲን

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታችን ይድረስዎ። ደብረ ብርሃን ላይ ሱቅ ከከፈትኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴ ስም ብቻ አይደለም። እዚሁ ከተማ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና መንዝ ውስጥ የሚሠሩ 23 ቸርቻሪዎች አብረውኝ አሉ። ሁላችንም ትንንሽ ነን። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ሻማ እንሸጣለን። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ቱናና ሳርዲን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው በዚያ ሰሞን መደርደሪያው ቶሎ እንደሚራቆት ነው።

የሚገዛን ተማሪ ነው፣ ብቻውን የሚኖር መምህር ነው፣ ወደ ደሴ የሚያልፍ ሹፌርና ረዳቱ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ ይከትፉበታል፣ ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል፣ በዳቦ ይበሉታል። አንዱን ጣሳ ሦስት ሆነው የሚካፈሉም አሉ። ይህን የምነግርዎ የታሸገ ዓሣ እዚህ የሀብታም ምግብ እንዳይመስልዎ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። ምርቱ ለምን ተሰበሰበ ብለን አልከፋንም። መሰብሰብ ነበረበት። ቅሬታችን ተሰበሰበ ከተባለም በኋላ አለመሰብሰቡ ነው።

የሆነውን ልናገር። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ሁለት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። አንደኛው ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። «እናቴ፣ ቱና አለ?» አለኝ። አለ አልኩ። መደርደሪያው ላይ 41 ጣሳ ነበር። ከጓዳ ያልተከፈተ ሁለት ካርቶን አወጣሁለት። «መርዝ ሊኖርበት ይችላል ተብሏል» አለ። የትኛው ነው ልጄ፣ ብዬ ጠየቅሁት። ሦስት ዓይነት ነበረኛ! የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው አይገናኝም፤ አንዱ እንዲያውም የታሸገበት አገር ራሱ ሌላ ነው። «ሁሉም» አለኝ። ሳርዲኑንም ጨመረበት። ሳርዲን ምን አጠፋ ብለው «ዓሣ ዓሣ ነው» አለ። ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱት፣ ባጃጅ ላይ ጫኑት፣ ሄዱ። ደረሰኝ የለ። ፊርማ የለ። የቆጠረም የለ።

ልጆቹን አልወቅስም። ፀሐይ ላይ ሲዞሩ የዋሉ፣ በእጃቸው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ የተሰጣቸው ወጣቶች ናቸው። ትእዛዙን እንደዚያ አድርጎ የላካቸው ሌላ ሰው ነው።

ማታ ያንኑ ፎቶ ልጄ በቴሌግራም አገኘችው። ነርሲንግ ነው የምትማረው። ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። ማስታወቂያው የሚናገረው ስለ አንድ ምርት ብቻ ነው። የጣሳው ቂጥ ላይ የታተመውን ኮድ በዝርዝር ይጠቅሳል፣ የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያውንም እንዲሁ። የተቀረው ቱና አልተነካም። ሳርዲን የሚል ቃል ጭራሽ የለበትም። ከእኔ ከተወሰደው ውስጥ የተባለው ኮድ ያለበት ስንቱ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። እናንተም አታውቁም፤ አልተመዘገበማ።

ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው ራሱ አነበበችልኝ። ቦቱሊዝም ይባላል። ያን ሌሊት አልተኛሁም፣ እውነቴን ነው።

ባክቴሪያው አፈር ውስጥም ውሃ ውስጥም የሚኖር ነው። አየር አይወድም። ጣሳ ደግሞ አየር የሌለበት ቤት ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ዓሣውን ጣሳው ውስጥ እንዳለ በእንፋሎት ግፊት እስከ 121 ዲግሪ የሚያሞቁት። ተራ ፍላት የባክቴሪያውን ዘር አይገድለውም። ማሞቁ ከጎደለ፣ ወይም ከተቀቀለ በኋላ ክዳኑ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ላልቶ ባክቴሪያው ከውጭ ከገባ፣ ዘሩ እዚያ ውስጥ ይነቃል። መርዝ ይሠራል። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ጣሳው ላያብጥ ይችላል።

የበላው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ውስጥ ይጀምረዋል። አልፎ አልፎ እስከ ስምንት ቀን ይዘገያል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። የዓይኑ ቆብ ይወድቃል። አፉ ይደርቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ድካሙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መተንፈሻው ላይ ሲደርስ ይገድላል። ትኩሳት የለውም። አእምሮው ደግሞ ንቁ ነው፤ የሚሆነውን ሁሉ እያወቀ ነው።

ልጄ ይህን ስታነብ ወደ ሐሳቤ የመጣው የገጠሩ ደንበኛዬ ነው። ምላሱ የተሳሰረ፣ ዓይኑ የከበደበት ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚሉት «ጠጥቷል» ነው። ካልጠጣ «ለክፎታል» ይባላል፣ ወደ ጸበል ይወሰዳል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን የዚህ በሽታ ጸረ መርዝ በቶሎ ካልተሰጠ ብዙም አይረዳም። መርዙን ካለበት ያስቆመዋል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አይመልስም። ስለዚህ ምን እንደበላ የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ያስፈልገዋል። ለመጠየቅ ደግሞ ማወቅ ይቀድማል።

ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ውስጥ አራት አረጋውያን አንድ ጣሳ ሳልመን ተካፍለው በሉ። ሁለቱ ሞቱ። ጣሳው ላይ የተገኘው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። በ1991 ካይሮ ውስጥ ደግሞ ፈሲኽ የሚሉት በጨው የተቀመጠ ዓሣ 91 ሰው ሆስፒታል አስገባ፣ 18ቱን ገደለ። ፈሲኽ ግብፆች ከፋሲካ ማግስት የሚበሉት የበዓል ምግብ ነው። ሰው ለበዓል ማዕድ ተሰብስቦ እንደዚያ ይሆናል።

«ቀቅሎ መብላት ነው» የሚሉ አሉ። አንድ የቀበሌ ሰውም እንዲሁ ብሎኛል። መርዙ በሙቀት መጥፋቱ እውነት ነው፤ ምግቡ እስከ መሃሉ ድረስ ከ85 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ይጠፋል። ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ስንቀቅል የምናውቀው ነገር ነው፤ ሸዋ ሮቢት ያለች እህቴ በአንድ ሰዓት የምታበስለውን እኛ ከሰል ጨምረንበትም አይበስልም። ደግሞስ ቱና ማን ይቀቅላል? ተማሪው ቀዝቃዛውን ነው በዳቦ የሚበላው። ሊበላ የማይገባውን ጣሳ ቀቅሎ ማትረፍ የሚባል ነገር እንዲቀርልን እንፈልጋለን።

«ያበጠውን ብቻ ለዩ» የሚለው ምክርም እንዲሁ። ቆላ የታሸገ ዕቃ ደጋ ሲወጣ ይነፋል። የብስኩትና የችፕስ ፌስታል ጣርማ በርን ሲያልፍ እንደ ፊኛ ይሆናል፤ ይህን የማያውቅ የደብረ ብርሃን ልጅ የለም። በደንብ አየሩ ያልወጣለት ጣሳም እንዲሁ ክዳኑ ትንሽ ቀና ሊል ይችላል። ስለዚህ ማበጡን ብቻ አይተን ደህናውን ልንጥል፣ ሳያብጥ የተመረዘውን ልንሸጥ እንችላለን። የምንተማመነው በኮዱ ብቻ ነው። ኮዱን ደግሞ አልሰጣችሁንም።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

አንደኛው ማስታወቂያው ነው። በእንግሊዝኛ መጣ። በስልክ ፎቶ መጣ። ለሁላችን ሳይሆን ለአንዳንዳችን መጣ። ሸዋ ሮቢት ያለው ባልደረባችን የሰማው ከአዲስ አበባ ጭኖ ከመጣ ሹፌር ነው፣ እኛ ከተወሰደብን ከስድስት ቀን በኋላ። ስድስት ቀን ሙሉ ሸጧል። ደብረ ሲና ላይ አንዷ ጭራሽ የሰማችው ከእኔ ነው። ቀኑም ሌላ ጣጣ አለው። ጣሳው ላይ 02/03 ተብሎ ሲጻፍ የትኛው ወር የትኛው ቀን እንደሆነ የሚለይ ስንት ሰው አለ? በዚያ ላይ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንዱ ባልደረባችን «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ በኩራት ሲከራከረኝ ነበር። በእኛ አቆጣጠር አስልቶት ነው ምስኪን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጥሩ። ለሸማቹ የምንናገረው እኛ ነን። ለእኛስ ማን ይንገረን?

ሁለተኛው ኪሳራው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ሥር እዚህ ስለሆነ።

ቱናውን እኔ አልሠራሁትም። ክዳኑንም እኔ አልገጠምኩትም። ከጅምላ አከፋፋይ በደረሰኝ ገዛሁት። ሲወሰድብኝ ግን ዕዳው እኔ ላይ ብቻ ቀረ። ሄጄ አከፋፋዩን ጠየቅሁ። «ማስረጃ አምጪ» አለኝ። ምን ማስረጃ? የወሰዱት ሰዎች አንድ ቁራጭ ወረቀት አልሰጡኝም። «እኔስ በምን አውቃለሁ፣ ሸጠሽው ይሆናል» አለ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ እላለሁ። የአንድ ወር የሱቅ ኪራዬ እንዲህ ሄደ።

ዕቃው ያለ ደረሰኝ እየተወሰደ ነው የሚለው ወሬ በዚያው ረቡዕ ከሰዓት በፊት ከተማውን አዳረሰ። ከዚያስ ምን ሆነ? መደበቅ ነዋ። አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ያሉ ሱቆች በራቸውን ዘጉ። የቀረውን ከጓዳ አልጋ ሥር አስገቡት። አንዱ በዚያው ቀን ማታ በግማሽ ዋጋ አወጣው፣ «ቶሎ ይለቅልኝ» ብሎ። ስሙን አልጠራም፤ ክፉ ሰው አይደለም። አራት ልጅ አለው። ቢያስረክብ እንደሚከስር አይቷል፣ ቢሸጥ ደግሞ ማንም እንደማይጠይቀው ያውቃል። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ የትኛው ይቀለዋል? በዚያ ምሽት ከከተማው ሰው ሆድ የገባው ጣሳ በግማሽ ዋጋ የተሸጠው ነው። ያስረከበ ሰው ገንዘቡን የሚያገኝ ቢሆን ኖሮ ማታውኑ ተሸክመን በራችሁ ድረስ እናመጣው ነበር።

ጥፋታችንንም እንናገር። የተጨፈለቀ ጣሳ በቅርጫት አድርገን በቅናሽ እንሸጥ ነበር። እኔም ሸጫለሁ፣ ለዓመታት። የክዳኑ መጋጠሚያ ላይ የተጎዳ ጣሳ ባክቴሪያ ሊያስገባ እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም፤ ግን አልጠየቅሁም። አሁን ቅርጫቱ የለም። ሦስት ባልደረቦቼም ትተዋል። የቀሩት ገና እየተከራከሩ ናቸው።

ሦስተኛው፣ የተሰበሰበው የት ሄደ?

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት ልገዛ ነው። ከዳር አንድ ልጅ ሸራ ዘርግቶ የተለያየ ዕቃ ያዞራል፤ ያገለገለ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ቁልፍ። መሃሉ ላይ ቱና ተደርድሯል። 60 ብር ይላል። ሱቅ ውስጥ 180 ነው። ርካሽነቱ ሳበኝና ጎንበስ አልኩ። ክዳኑ ላይ በማርከር 180 ተጽፏል። ስምንቷን አየኋት።

ስምንት ቁጥር ስጽፍ ከላይ ትንሽ ክብ፣ ከታች ትልቅ ክብ ነው የማደርገው። ቅል ትመስላለች። ልጆቼ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «የእማዬ ቅል» እያሉ ይስቁባታል። ያቺው ቅል ነች። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ረቡዕ በማዳበሪያ የሄደው ቱና ቅዳሜ ገበያ ላይ ጠበቀኝ።

ልጁን ከየት አመጣኸው አልኩት። ከቁራሌው ገዛሁ አለ። ቁራሌውስ? ከቆሻሻ መጣያው። ማዳበሪያውን እንዳለ ጥለውት ነው የሄዱት፤ አልተቀበረም፣ አልተወጋም፣ ምልክት አልተደረገበትም። ቆርቆሮ የሚለቅም ሰው ሙሉ ጣሳ ዓሣ ሲያገኝ እግዚአብሔር ሰጠኝ ነው የሚለው። የልጁን ወገን ልያዝ፤ ምንም አያውቅም ነበር። ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔም ትናንት በልቻለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ገበያ በወጣሁ ቁጥር በዓይኔ እፈልገው ነበር። ደህና ነው። ዛሬም ቻርጀር ይሸጣል።

የቀረውን 14 ጣሳ ገዛሁት። የራሴን ዕቃ በራሴ ገንዘብ መልሼ ገዛሁ ማለት ነው፣ 840 ብር። ልጄ ኮዱን ከማስታወቂያው ጋር አስተያየችው። ከ14ቱ ዘጠኙ የተባሉት ናቸው። 13ቱን ሳንከፍት በሁለት በሁለት ፌስታል አስረን ጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። አንዷን አስቀርቻለሁ፣ ከዘጠኙ መሃል። እመለስባታለሁ።

ከማዳበሪያው የቀረውስ? 41ና ሁለት ካርቶን የእኔ ብቻ ነው። የሌሎቻችንም አለ። እሱን ማን በላው?

አራተኛው ገጠሩ ነው። እኔ የምሸጠው እዚህ ከተማ ላለ ሰው ብቻ አይደለም። መንዝ ያሉ ትንንሽ ሱቆች በስልክ ያዛሉ፣ እኔ መሐል ሜዳ በሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭናለሁ። ይህን መሥመር ተቆጣጣሪ አያውቀውም። የሚያውቀው የእኔ ደብተር ነው። በደብተሬ ላይ ያሉትን 17 ደንበኞች በሙሉ ራሴ ደወልኩላቸው፣ በራሴ ካርድ። አሥራ አንዱ አልሸጡትም ነበር። አምስቱ ሸጠዋል፣ ለማን እንደሆነ አያውቁም። አንዷ ግን ታውቃለች። «እትዬ፣ የመጨረሻዋን መምህሩ ትናንት ማታ ወሰዷት» አለችኝ። ሮጣ ሄደች። መምህሩ በልተዋል። ዘይቱን ለድመት ሰጥተዋል።

እስከ ስምንት ቀን ሊዘገይ ይችላል የሚለውን አስታውሳችሁ ከሆነ፣ ስምንት ቀን ጠበቅን። ጠዋት እደውላለሁ፣ «መምህሩ እንዴት ናቸው?» «ዛሬም አንዱን አንድ አድርገው ነው የሚያዩት።» ማታ እደውላለሁ። ያው። በስምንተኛው ቀን መምህሩ ራሳቸው ስልኩን ተቀብለው «እመቤቴ፣ እኔም ድመቷም ደህና ነን፣ አሁን ይብቃዎት» አሉኝ። ሳቅሁ። ግን ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያቺ ጣሳ ደህና ስለነበረች ነው እንጂ እኛ ስለሠራን አይደለም።

አምስተኛው አጭር ነው። መንገድ ዳር ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄደን ስለዚህ በሽታ የተነገራችሁ ነገር አለ ወይ ብለን ጠየቅን። የተቀበለን ባለሙያ ትሁት ነው፣ በሽታውንም በትምህርት ያውቀዋል። ምርት መሰብሰቡን ግን አልሰማም። ማስታወቂያውን ከልጄ ስልክ ወደ ስልኩ አስላከ። ጤና ጣቢያው መርዝ ሊኖር እንደሚችል የሰማው ከባለሱቅ ነው።

ሌላ ቦታ እንዴት ይሠራል ብለን አይተናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አሜሪካ ውስጥ ቀለበቱን ስበው የሚከፍቱት የቱና ክዳን ላይ የፋብሪካ ጉድለት ተገኘ። እሽጉ ከጊዜ በኋላ ሊላላ ይችላል፣ ለዚህ በሽታም ሊያጋልጥ ይችላል ተባለ። በወቅቱ የታመመ ሰው ሪፖርት አልተደረገም። ሆኖም የእያንዳንዱ ጣሳ ኮድና ቀን፣ የተሸጠበት ሱቅና ግዛት ሁሉ ተዘርዝሮ ወጣ። ባይሸትም ባይበላሽም አትብሉት ተባለ። የገዛ ሰው ወደ ሱቁ መልሶ ገንዘቡን እንዲቀበል ተደረገ። እነሱም ፍጹም አይደሉም። ዓመት ሊሞላው ሲል ተለይቶ ተቀምጦ የነበረ የዚያው ምርት ከፊሉ በስህተት ከመጋዘን ወጥቶ እንደገና ሱቅ ገባ፣ እንደገና ሰብስቡ ተባለ። ሲነበብልኝ የኔን ቅል አስታወሰኝ። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ የወጣውን ጣሳ በኮዱ ተከትለው ደረሱበት። እኛ ዘንድ ያገኘሁት ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ምርት ይሰብሰብ ስትሉ ማስታወቂያው በአማርኛ ይውጣ። የጣሳው ፎቶ፣ ኮዱ የት ቦታ እንደሚገኝ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይኑርበት። በአጭር የስልክ መልእክትና በሬዲዮ ይነገር፤ ማንበብ የማይችሉ ባለሱቆች አሉን። ኮዱ ያልተጠቀሰ ዕቃ አይወሰድ።

የተወሰደ ዕቃ ተቆጥሮ፣ ኮዱ ተጽፎ፣ ሁለት ወገን ፈርሞበት ደረሰኝ ይሰጥ። በዚያ ደረሰኝ ቸርቻሪው ከአከፋፋዩ፣ አከፋፋዩ ከአስመጪው ገንዘቡን ወይም ምትኩን እንዲያገኝ መሥሪያ ቤትዎ ያስገድድ። ከሁሉ በላይ የምንለምነው ይህን ነው። ሌላው ሁሉ ተሠርቶ ይህ ከቀረ ጣሳው አልጋ ሥር ይገባል።

የተሰበሰበው ከእኛ አንድ ሰው በምስክርነት ባለበት፣ ማንም ሊለቅመው በማይችልበት መንገድ ይወገድ። የተወገደውም ቁጥር ይነገረን፤ ከወጣው ጋር እናስተያየው።

ተቆጣጣሪ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ጤና ጣቢያዎች ምልክቱን፣ ታካሚው ወዴት መላክ እንዳለበት፣ ጸረ መርዙ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። የደንበኞቻችንን የስልክ ደብተር እኛ እናቀርባለን። በየወረዳው የሚደውል ሰው ብቻ መድቡ፤ ካርዱንም እናንተ ሙሉት።

ባለፈው ሁዳዴ የተወሰደብን ዕቃም አለ። ከ24ታችን የተወሰደውን እኛው ተሰብስበን ጽፈነዋል፣ በየሱቁ፣ በዓይነትና በቁጥር፣ ከግዢ ደረሰኙ ጋር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንጠብቃለን።

ያስቀረኋት አንዷ ጣሳ እስካሁን አለች። በሁለት ፌስታል ተጠቅልላ፣ «አይከፈት» ተብሎ ተጽፎባት፣ ልጅ የማይደርስበት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናት። ማስረጃ አምጪ ለሚለኝ እሷን አሳያለሁ። ከፈለጋችሁ መጥታችሁ ውሰዷት። ስትወስዷት ግን ደረሰኝ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የምግብ ሸቀጥ ቸርቻሪ፣ ደብረ ብርሃን
በሰሜን ሸዋ የሚሠሩ 23 ቸርቻሪዎችን በመወከል